የሰደፍ ምት
(በተማሪዎች ማኅበር የሳምንት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ከፊዚክስ ትምህርት አንድ ነገር መርጬ እንደማቀርብ ተስማምቼ ነበር። ርእሱን ስነግረው ግን ጥቂት ደንገጥ አለና «ስለ ጠመንጃ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን፥ ስለ ጠመንጃ ነው። ነገር ግን ስለ አፈሙዙ አይደለም። አፈሙዙ በዚህ በእኛ ዘመን ስንት ቤት እንደዘጋ ሁላችንም እናውቃለንና እኔ ለእርሱ ጠበቃ ልሆን አልመጣሁም። የምናገረው ስለ ሌላው ጫፍ፥ ማለት ስለ ሰደፉ ነው።

ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሰደፉ ወደ ኋላ ተመልሶ የተኳሹን ትከሻ ይመታል። ይህ ምት በአንዱ ሰው ላይ የሚበረታው፥ በሌላው ላይ የሚቀልለው ስለ ምንድን ነው? የጠመንጃው ክብደት ምን ድርሻ አለው? ጠመንጃው ለሰውነት ልክ መሆኑ ወይም አለመሆኑስ? ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህንንም ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከቤቴ ይዤው መጣሁ።

ቤታችን መንዝ ውስጥ ከጓሳ ሥር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የተጓዘ ሰው ጓሳን አይረሳውም። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚሆነው ከጓሳ ሣር ነው። ጅብራ የበቀለበት፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት አገር ነው። አባቶቻችን ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፥ ቀን ቆርጠው በጋራ የሚያጭዱበት የቄሮ ሥርዓት ነበራቸው። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ. ም. ከመሬት አዋጁ ጋር ቢቀርም ሕዝቡ ዛሬም ጓሳን በጋራ ይጠብቃል። ስለዚህ ጓሳን ሳነሣ በጓሳ ላይ ስለሚተኰስ ነገር እንደምናገር አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ፤ ነገሬ የሆነው ከጓሳ በታች፥ በበጎች በረት አጠገብ ነው።

ነገሩም እንደዚህ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሌሊት ጅብ በረቱን ጥሶ ገባ። አያቴ ታመው ተኝተው ስለ ነበር የአጎቴ ልጅ ብድግ ብሎ የእርሳቸውን ጠመንጃ ይዞ ወጣ። በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጐልማሳ ነበር፤ ቁመቱ ከቤተ ዘመድ ሁሉ ይበልጣል። ብርዱ እንደምታውቁት ነው፤ እርሱ ግን ለመልበስ ጊዜ ስላላገኘ በአንድ ሸሚዝ ብቻ ነበር። አንድ ጥይት ተኰሰ። ጅቡ ዘለለና ሄደ፤ ጥይቱ ከአጥሩ ማዶ ታስራ የነበረችውን የጐረቤት በቅሎ ጣለ። የአጎቴ ልጅም ቤት ሲገባ ከአፍንጫው ደም ይወርድ ነበር።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የበቅሎዋ ዋጋ ተቆረጠ፤ በዚህስ የሚከራከር አልነበረም። የከፋው ከዚያ በኋላ የተነገረው ነው። አንደኛው ሽማግሌ «ይህ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተኰሰው» አሉ። ሌላው «ጠመንጃ የሚፈራ ሰው ጠመንጃ አይንካ» አሉ። አያቴም አዝነው «ይህ ጠመንጃ እኔን አንድ ቀን እንኳ መትቶኝ አያውቅም» ብለው ተናገሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአጎቴ ልጅ «ጨፍኖ ተኳሽ» ተባለ። በመንዝ እንዲህ ያለ ስም ከበቅሎ ካሳ ይከብዳል። ስሙ በገበያም በለቅሶም እየተከተለ ስላስጨነቀው በዓመቱ አገሩን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ወረደ፤ ዛሬም በቀን ሥራ ይኖራል።

እኔ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ እውነቱን ልናገርና እኔም ፈሪ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በሰሌዳ ላይ ባየሁ ጊዜ ግን ያ ሌሊት ትዝ አለኝ። «እስቲ ነገሩን በቁጥር ልየው» አልሁ።

አሁን ጥቂት ስሌት ስለምናደርግ ታገሡኝ፤ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም።

ኒውተን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1687 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው አንድ ነገር ሌላውን ሲገፋ እርሱም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል። ባሩዱ ጥይቱን ወደ ፊት ሲገፋ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋል። የጥይቱን ክብደት በፍጥነቱ ብናባዛ፥ የባሩዱንም ጋዝ እንዲሁ አድርገን ብንደምር፥ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚቀበለውን የጠቅላላ ግፊት መጠን እናገኛለን። ይህን ድምር ለጠመንጃው ክብደት ብናካፍለው ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚሄድበት ፍጥነት ይወጣል።

የአያቴ ጠመንጃ በልጅግ የሚባለው ነው። ይኸውም በ1920ዎቹ ዓመታት መንግሥታችን ቤልጅግ አገር በኤርስታል ከሚገኘው ፋብሪካ የገዛው የማውዘር ዓይነት ነው። የጥይቱ ስፋት 7.92 ሚሊ ሜትር፥ የጠመንጃው ክብደት 4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። 10 ግራም የሚመዝን ጥይት በሴኮንድ 850 ሜትር ፍጥነት ይወጣል እንበል፤ ብዜቱ 8.5 ነው። ባሩዱ 3 ግራም ያህል ሆኖ ጋዙ በሴኮንድ 1,200 ሜትር ቢወጣ ብዜቱ 3.6 ነው። ድምሩ 12.1 ሆነ። ለ4 ኪሎ ስናካፍለው ጠመንጃው በሴኮንድ 3 ሜትር ፍጥነት ወደ ትከሻ ይመጣል ማለት ነው። ጉልበቱም 18 ጁል ገደማ ይሆናል።

ከሌሎቹ ጋር እናስተያየው። አባቶቻችን በአድዋ ጊዜ፥ በ1888 ዓ. ም.፥ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። የፈረንሳይ ጦር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 ዓመት የተቀበለው የግራ ጠመንጃ ሲሆን፥ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ያሉትን የእኛ ሰው ውጅግራ አለው። ጥይቱ 25 ግራም እርሳስ ነው፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ጠመንጃው 4.2 ኪሎ ቢመዝንም ምቱ ወደ 26 ጁል ይደርሳል። የጣሊያን 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ ደግሞ 13 ጁል ገደማ ነው፤ የውጅግራ ግማሽ ማለት ነው። የዛሬው ክላሽ ከ10 ጁል አያልፍም። ክላሽ የለመደ ወጣት የአያቱን ጠመንጃ ተኵሶ ቢደነግጥ ትከሻው ስለ ላላ አይደለም፤ የምቱ ጉልበት ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ስሌት የምንረዳው ዋና ነገር ይህ ነው። ጥይቱ ሳይለወጥ ጠመንጃው ቢቀልል ምቱ ይጨምራል። ክብደቱ በግማሽ ቢቀነስ የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ጠመንጃ ሁሉ ለምን ከባድ አይደረግም ቢባል መልሱን የመንዝ ገደል ይሰጠዋል። ጠመንጃ በዓመት አንድ ቀን ይተኰስ ይሆናል፤ ትከሻ ላይ ግን በየቀኑ ይዋላል። ዳገት የሚወጣ ሰው ግማሽ ኪሎም ብትሆን ማስቀረት ይወድዳል። ስለዚህ ክብደት ማለት ተሸካሚው በየመንገዱ የሚከፍለው፥ ተኳሹ በአንድ ቅጽበት የሚጠቀምበት ገንዘብ ነው።

አያቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እርሳቸው አጭር ሰው ናቸው፤ ጠመንጃውም ከአባታቸው ሲወርስላቸው ረዘመባቸው። ስለዚህ ገና በጐልማሳነታቸው ወደ ባለ እጅ ወስደው አስቆረጡት። ከአፈሙዙ አራት ጣት፥ ከሰደፉም አራት ጣት ተቆረጠ። በሰደፉ ጫፍ የነበረው ብረት ወለቀ፤ በአፈሙዙ ሥር የነበረው እንጨትም ተነሣ። ቀለለ፤ አጠረ፤ ለእርሳቸውም ተስማማቸው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ ጠመንጃውን ልመዝነው እንዲፈቅዱልኝ ለመንኋቸው። «ጠመንጃ እንደ ገብስ ይመዘናል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ፤ በኋላ ግን ፈቀዱ። ጥይት አለመኖሩን በዓይናቸውም በጣታቸውም አረጋገጡ። ከእህል ነጋዴ በተዋስሁት ሚዛን ብሰቅለው 3 ኪሎ ከ400 ግራም ሆነ። እንግዲህ 600 ግራም ያህል ጐድሏል ማለት ነው።

«አገኘሁት!» አልሁ በልቤ። ቁጭ ብዬ አሰላሁ፤ 18 የነበረው ጁል 21 ገደማ ሆነ። ከስድስት አንድ እጅ ያህል ነው የጨመረው። አፈሙዙ ስለ ተቆረጠ የጥይቱ ፍጥነት በጥቂቱ ይቀንሳልና ጭማሪው እንዲያውም ከዚህ ያነሰ ነው። እውነቱን ለመናገር አዘንሁ። ይህን የምታህል ጭማሪ የሃያ ዓመት ጐልማሳ አፍንጫ አታደማም፤ በቅሎም አታስገድልም። አጥሮ የቀረበው አፈሙዝ ድምፁና ነበልባሉ ሰውን ይበልጥ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፤ ይህም ቢታሰብ አይበቃም። ክብደቱ ተከሳሽ እንጂ ጥፋተኛው ሁሉ እርሱ አልነበረም። የቀረውን በሌላ ስፍራ መፈለግ ነበረብኝ።

ስሌቱ የሚነግረን በሰደፉ ውስጥ ያለውን ጉልበት ነው። ትከሻ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ያ ጉልበት በምን ያህል ርቀት እንደሚቆምና በምን ያህል ስፋት ላይ እንደሚያርፍ ነው። 18 ጁል በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም በአማካይ የ37 ኪሎ ሸክም ያህል ይገፋል። ያው 18 ጁል በ2 ሴንቲ ሜትር ቢቆም ግን ከ90 ኪሎ በላይ ነው። ከፍ ካለ ግንብ ላይ ጭድ ላይ የዘለለና ድንጋይ ላይ የዘለለ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አሁን ጠመንጃው ለሰውነት ልክ መሆኑ የሚሠራውን ሥራ በአራት ነገር ከፍዬ ላሳያችሁ።

መጀመሪያው የሰደፉ ርዝመት ነው። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት ከተኳሹ ክንድ ጋር መስማማት አለበት። በተለምዶ የሚለካው ሰደፉን በክንድ መታጠፊያ ላይ አስደግፎ ጣት ቃታውን በደንብ መድረሱን በማየት ነው። ሰደፍ ከረዘመ በትከሻው ጕድጓድ መቀመጡን ትቶ ወደ ክንዱ ሥጋ ይወጣል። ካጠረ ደግሞ ፊት ወደ መዝጊያው ይቀርብና የገዛ አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል። የአጎቴ ልጅ ደም ከየት እንደ መጣ አሁን ታያላችሁ። ለአጭሩ አያቴ የተቆረጠው ሰደፍ ለረጅሙ የልጅ ልጃቸው ከአንድ መዳፍ በላይ አጥሮበታል።

ሁለተኛው የሰደፉ ፊት ነው። ሙሉ ፊቱ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሁሉም በትከሻ ላይ ቢያርፍ ምቱ ይከፋፈላል። የታችኛው ጫፉ ብቻ፥ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህሉ፥ ቢነካ ግን ያው ምት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ከክብደቱ ያገኘነው ጭማሪ ከስድስት አንድ እጅ እንደ ነበር አስታውሱ። ይህ ግን አራት እጥፍ ነው!

ሦስተኛው የሰደፉ አቅጣጫ ነው። የአፈሙዙ መሥመር ከትከሻው በላይ ከፍ ባለ ቍጥር ጠመንጃው በቀጥታ ወደ ኋላ መሄዱን ትቶ አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሣል፤ እንጨቱም ጉንጭን ይመታል። ጉንጩን በእንጨቱ ላይ በደንብ ያሳረፈ ሰው ጠመንጃው ይገፋዋል፤ ያላሳረፈ ሰው ግን ይመታል።

አራተኛው በሰደፉና በትከሻው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ይህ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ሄዶ እስኪወጣ ድረስ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚሄደው 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጋዙ ወጥቶ እስኪያልቅም ቢሆን አንድ ሴንቲ ሜትር ሳይሄድ ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል። ስለዚህ ምቱን ፈርቶ ሰደፉን ከትከሻው አንድ ጣት ያራቀ ሰው ጠመንጃውን መንደርደሪያ ሰጠው ማለት ነው። ሰደፉ በሙሉ ፍጥነቱ መጥቶ እንደ መዶሻ ያርፍበታል። አጥብቆ የያዘው ሰው ግን ትከሻው ከጠመንጃው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የሰውነቱ ክብደት በጠመንጃው ክብደት ላይ እንደ ተጨመረ ያህል ይቈጠራል። አንድ ኪሎ ብረት ከመጨመር ይልቅ አጥብቆ መያዝ ይረዳል፤ ዋጋም አያስከፍልም። ግን አጥብቆ መያዝ የሚቻለው ጠመንጃው ለሰውነት ልክ ሲሆን ነው። አፍንጫውን እንደሚመታው የሚያውቅ ሰው ጠመንጃውን ወደ ራሱ እንዲስብ ማን ያስተምረዋል?

በዚህ ላይ የልብስ ነገር ይጨመራል፤ ይህም የጓሳ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው የደጋ አየር ስለ ቀጠነ ጠመንጃው የተለየ ይመታል ብሎ ይገምት ይሆናል። የአየሩ መቅጠን ጥይቱ ከወጣ በኋላ በመንገዱ ላይ ይረዳው ይሆናል እንጂ በሰደፉ ላይ የሚያመጣው ልዩነት የለም፤ ምቱ ያለቀው ጥይቱ ገና ከአፈሙዙ እንደ ራቀ ነውና። ብርዱ ግን ሰውየውን ይለውጠዋል። የጓሳ ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራውን ጥቁር በርኖስ ይደርባል። ወፍራሙ በርኖስ በትከሻና በሰደፍ መካከል ገብቶ ምቱ የሚቆምበትን ርቀት ያረዝመዋል፤ ሰደፉንም እንደ ረዘመ ያህል ያደርገዋል። ረጅም ሰደፍ ላለው ጠመንጃ ይህ መልካም አይደለም፤ ሰደፉ ይንሸራተታል። አጭር ሰደፍ ላለው ግን ትልቅ መድኃኒት ነው።

አያቴ ደግሞ በሕይወታቸው ያለ በርኖስ ተኵሰው አያውቁም። ጠመንጃው ለእርሳቸው ቁመት የተቆረጠ ብቻ ሳይሆን ለእርሳቸው ከነበርኖሳቸው የተቆረጠ ነበር። ስለዚህ «እኔን መትቶኝ አያውቅም» ማለታቸው ሐሰት አይደለም፤ ለእርሳቸው እውነት ነው። የአጎቴ ልጅ ግን በዚያ ሌሊት በአንድ ሸሚዝ ወጥቶ፥ የሌላ ሰው ልክ የሆነ ጠመንጃ ይዞ፥ የሌላ ሰው እውነት ተፈረደበት።

ይህን በቃል ብቻ ብናገር ማንም እንደማይቀበለኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። የሰደፉን ፊት በከሰል ቀባሁት፤ ነጭ ነጠላም በትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ አያቴ እንደ ልማዳቸው በበርኖሳቸው ላይ እንዲደግኑ ለመንኋቸው። በነጠላው ላይ የወጣው ጥቁር ምልክት እንደ መዳፍ ሰፊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቁመቱ የአጎቴን ልጅ የሚያህለውን ጐረቤታችንን በሸሚዝ ብቻ አድርጌ፥ ሌላ ነጠላ ጣል አድርጌ እንዲደግን አደረግሁ። የወጣው ምልክት ሁለት ጣት አይሞላም፤ የሰደፉ የታችኛው ጫፍ ብቻ ነበር። ያውም ባለ እጁ ሰያፍ አድርጎ የቆረጠው ሹል ጫፍ። አያቴ ሁለቱን ነጠላዎች ጐን ለጐን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

አሁን ወደ መጨረሻው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ስለ ዓይን መጨፈን ነው። የአጎቴ ልጅ በእውነት ዓይኑን ጨፍኖ ይሆናል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ሌሊት በፊት በዚያ ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ተኵሶ እንደ ነበር፥ ሦስት ጊዜም ትከሻው በልዞ ለሰው ሳይናገር እንደ ደበቀ በኋላ አጫውቶኛል። ሰውነት መምህር አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ የተመታ ትከሻ ሁለተኛውን ምት ይጠብቃል፤ ጣት ቃታውን ሊስብ ሲል ትከሻ ይሸሻል፥ ዓይን ይጨፈናል፥ አፈሙዝም ይዘነበላል። ይህ የሚሆነው ከተኩሱ በፊት ነው። ሰውየው ግን ከተኩሱ በኋላ የሆነ ስለሚመስለው በራሱ ላይ ያለውን ነገር አያውቀውም። የጦር አሠልጣኞች ይህን ለማሳየት ሠልጣኙ ሳያውቅ ባዶ ቀለህ ያጐርሱለታል፤ ቃታውን ሲስብ ጥይት ሳይወጣ አፈሙዙ ሲዘነበል ራሱ ያየዋል። በዚህ ፈተና የሚወድቁት ፈሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ጀግናም ይወድቃል። መድኃኒቱም ስድብ አይደለም፤ ልኩ የሆነ ጠመንጃ፥ ለስለስ ያለ የሰደፍ መደገፊያ፥ አቅልሎ መጀመር፥ ደጋግሞም መለማመድ ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «አርበኞቹስ? እነርሱ ያገኙትን ሁሉ ይተኵሱ አልነበረምን?» ትሉ ይሆናል። በ1928 ዓ. ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በሸዋ በረሃና ደጋ አምስት ዓመት የተዋጉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጠመንጃቸውን አልመረጡም፤ ከጠላት ማርከው ወይም ከአባት ወርሰው ያዙት። ለልካቸው የተሠራ አልነበረም። ስለዚህ ምቱን ችለው መተኰሳቸው ለእነርሱ ክብር ነው። ነገር ግን ያን ያህል መከራ መቻላቸው ለእኛ መከራውን ሳንለካ እንድናልፈው ምክንያት ሊሆን አይገባም። እነርሱ ምርጫ አልነበራቸውም፤ እኛ ግን ሚዛንም ከሰልም ነጠላም አለን።

ገበሬ አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ቀንበር ለበሬው ልክ ካልሆነ ጫንቃው ይላጣል፤ ጫንቃው የተላጠ በሬ ቀንበር ሲያይ ይሸሻል። ታዲያ በመንዝ ሆነ በሌላ አገር፥ የሸሸውን በሬ ፈሪ ነው ብሎ ስም የሚያወጣለት ገበሬ አይቼ አላውቅም። ቀንበሩን ይጠርባል። ለበሬ ያደረግነውን ለሰው ማድረግ ለምን አቃተን?

ነገሬን ልጨርስ። አያቴ ሁለቱን ነጠላዎች ካዩ በኋላ ያን ቀን ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ጠሩኝና «ልጄ፥ ለዚያ ልጅ የስልክ ቁጥሩን ታውቃለህ?» አሉኝ። «አውቃለሁ አባባ» አልኋቸው። «እንግዲያውስ ደውልለትና ለፋሲካ ይምጣ በለው። ሽማግሌዎቹን እኔ እጠራለሁ። ነጠላዎቹን እንዳታጥባቸው።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ደግሞ እንዲህ አሉ፤ «በቅሎዋን የገደለ እርሱ ነው፤ ካሳው ካሳ ነው፥ አይመለስም። ስሙን የሰጠነው ግን እኛ ነን፤ ስሙ ይመለስለት።»

ደወልሁለት። ይመጣ እንደ ሆነ ገና አልነገረኝም። ነገር ግን የከሰሉን ነገር በነገርሁት ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «የታችኛው ጫፍ ነው አልህ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። «አዎን፥ የታችኛው ጫፍ ብቻ ነው» አልሁት። «እዚያው ጋ ነበር የሚያመኝ» አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኔ ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ሰው በአንድ ሥራ ሲወድቅ ልቡን ከመመርመራችን በፊት በእጁ የሰጠነውን ዕቃ እንመዝን፤ ለማን ልክ እንደ ተሠራም እንጠይቅ። ከሚዛኑ በኋላ ጥፋቱ የልቡ ሆኖ ቢገኝ ያን ጊዜ እንፈርዳለን። በየቤታችሁ ስትመለሱ፥ በስም የተጐዳ ሰው ካለ፥ ሚዛኑን ይዛችሁ ሂዱ።